ቀጨኔ ላለ ቤት ከባሕር ማዶ ውክልና ሲሰጥ

ቀጨኔ መድኃኔዓለም አቅራቢያ ካርታ ያለው አንድ የአባት ቤት እንውሰድ። አባት አርፈዋል፤ እናትም ቀድመዋቸው ሄደዋል። ከአራቱ ልጆች ግቢው ውስጥ የቀረችው ትልቋ ብቻ ናት። ሁለተኛው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ የሚባል ከተማ ይኖራል። ሦስተኛዋ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። የመጨረሻው ካናዳ ገብቶ ካልጋሪ ከከተመ ቆይቷል። ቤቱ በወራሾቹ ስም ዞሮ እንዲሸጥ ተስማምተዋል፤ ሁሉም አንድ ቀን አዲስ አበባ ይገናኙ ማለት ግን የሚሆን ነገር አይደለም። ስለዚህ ሦስቱ ለታላቅ እህታቸው ውክልና ይስጡ ተባለ።

ቤተሰቡ ለምሳሌ የቀረበ ነው። ጉዳዩ ግን ከሽሮ ሜዳ እስከ ቀጨኔ ያለ ሰው በጎረቤቱ ወይም በራሱ ቤት የሚያውቀው ነው።

የአሜሪካው ወንድም ቀልጠፍ ያለ ነው። በቪዲዮ የሚያረጋግጥ ኖታሪ በስልኩ አገኘ፤ መታወቂያውን ለካሜራው አሳየ፤ በጣቱ ፈረመ፤ ማታውኑ ፋይሉን በቴሌግራም ላከ። «እትዬ፣ የኔ አልቋል፤ አሳትመሽ ውሰጂው ብቻ» አላት። እሷም አሳትማ ወደ ውልና ማስረጃ ቢሮ ወሰደችው። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና «የኤምባሲው ማኅተም የታለ?» ብላ መለሰችላት።

ኖታሪው አጭበርባሪ አይደለም። ፊርማውም የወንድሟ ነው። ታዲያ ለምን ተመለሰ?

ስክሪኑ ምን ያረጋግጣል?

አሜሪካ ውስጥ ኖታሪ ማለት ግዛቱ ፈቃድ የሰጠው የፊርማ ምስክር ነው። ቤቱ የማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ የውክልናው ቃል ኢትዮጵያ ውስጥ ምን ውጤት እንደሚያመጣም አይመረምርም። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ሰው መታወቂያው ላይ ያለው ሰው ነው፤ እያየሁት ፈረመ። ይህን በቪዲዮ ማድረግ እንዲቻል አስቀድማ የፈቀደችው ደግሞ ያቺው ቨርጂኒያ ናት። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ ከጁላይ 1 ቀን 2012 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሌሎቹ ግዛቶች ሲያመነቱ ቆይተው፣ በ2020 ኮቪድ ቢሮዎችን ሲያዘጋ ብዙዎቹ ተከተሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኖታሪው ፈቃድ በሰጠው ግዛት ውስጥ ሆኖ ይቀመጣል፤ ፈራሚው የትም ሊሆን ይችላል። ፈራሚው መታወቂያውን ፊትና ኋላ በካሜራ ያነሳል፤ ኮምፒዩተሩ መታወቂያው የተነካካ መሆን አለመሆኑን ይመረምራል። ቀጥሎ በብዙ ቦታ ጥያቄ ይመጣል፦ ከእነዚህ አድራሻዎች በየትኛው ኖረዋል? የመኪና ብድርዎ ከየትኛው ባንክ ነበር? ጥያቄዎቹ የሚቀዱት ከሰውየው የብድርና የአድራሻ ታሪክ ስለሆነ፣ አምና የገባና ብድር የማያውቅ ሰው ማንነቱ እውነተኛ ቢሆንም ፈተናውን ሊወድቅ ይችላል። ፈተናውን ያለፈ ሰው ኖታሪው እያየው ይፈርማል። ሁሉም ነገር በቪዲዮ ይቀረጻል። ቅጂው ቨርጂኒያ ውስጥ ቢያንስ ለ5 ዓመት ይቀመጣል።

እንደ ማስረጃ ካየነው ይህ ደካማ አይደለም። እንዲያውም ነገ «አልፈረምኩም» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ከወረቀት ማኅተም ይልቅ ቪዲዮው ይናገራል። ችግሩ ከፊርማው ሳይሆን ካለመተዋወቅ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሠራተኛ የቨርጂኒያን ኖታሪ ማኅተም የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚያውቀው የራሱን መንግሥት ኤምባሲ ማኅተም ነው። ስለዚህ ከኖታሪው እስከ ኤምባሲው ድረስ እያንዳንዱ ቢሮ ከእሱ በታች ያለውን «አውቀዋለሁ» እያለ ማኅተም የሚያሳርፍበት ሰንሰለት መሠራት አለበት።

ሰንሰለቱ አሜሪካ ውስጥ በተለመደው መልኩ ይህን ይመስላል። የኖታሪውን ማኅተም የግዛቱ ጽሕፈት ቤት ያረጋግጣል፤ በአንዳንድ ግዛቶች ከዚያ በፊት የካውንቲው ጸሐፊ ይገባበታል። የግዛቱን ማኅተም ዋሽንግተን ያለው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው ያረጋግጣል። የእነሱን ደግሞ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያረጋግጣል። በስክሪን የተፈረመ ሰነድ እዚህ ላይ ተጨማሪ ጣጣ አለው። ሰነዱ በተፈጥሮው ፋይል ነው፤ ያልተነካካ መሆኑን የሚያሳየው ዲጂታል ማኅተም ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው። ሲታተም ያ ማኅተም ተራ ሥዕል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ኖታሪው «የታተመው ከፋይሉ ጋር አንድ ነው» ብሎ በወረቀት እንዲያረጋግጥ የሚጠይቁ ቢሮዎች አሉ፤ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ያድናል።

ሌላው ወጥመድ አፖስቲል ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ሄግ ላይ የተፈረመ ስምምነት አለ፤ አባል አገሮች አፖስቲል በሚባል አንድ ምስክር ወረቀት ብቻ ሰነድ ይቀባበላሉ፤ ኤምባሲ መሄድ አያስፈልጋቸውም። ኢትዮጵያ ከስምምነቱ ውጭ ከቆዩት አገሮች ወገን ናት። የግዛቱ ጽሕፈት ቤት ሰነዱ ወደየት እንደሚሄድ ይጠይቃል፤ ፈራሚው በጥድፊያ «አፖስቲል ስጡኝ» ካለ፣ ለእኛ የማይሆነውን ወረቀት ተቀብሎ ይወጣል። «ለኢትዮጵያ ነው» ብሎ መጻፍ ግድ ነው። ካናዳም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ስለሆነች ካልጋሪ ያለው ወንድም እዚያው ስህተት ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ሦስት ልጆች፣ ሦስት መንገድ

አሁን ወደ ሦስቱ ልጆች እንመለስ። የአሌክሳንድሪያው ሰው ስልኩ ላይ የተገኘውን አቋራጭ መረጠ እንጂ፣ የእሱ አቋራጭ ሌላ ነበር። ከቤቱ ወጥቶ የፖቶማክን ወንዝ ቢሻገር ዋሽንግተን ነው፤ በሰሜን ምዕራብ ዋሽንግተን፣ ኢንተርናሽናል ድራይቭ ላይ የኢትዮጵያ ኤምባሲ አለለት። ቆንስላ ክፍሉ ፊት ቀርቦ ቢፈርም የኖታሪው፣ የግዛቱና የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ማኅተሞች ሁሉ ባላስፈለጉት። ቆንስላ እንደ ኖታሪ ሆኖ መሥራቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነትም ከቆንስላ ሥራዎች አንዱ አድርጎ ይዘረዝረዋል። ለኤምባሲ ቅርብ ለሆነ ሰው የቪዲዮ ኖታሪ ማለት ዞሮ ዞሮ እዚያው መድረስ ነው።

የካልጋሪው ግን ኤምባሲው ኦታዋ ነው፤ አገር አቋርጦ መብረር ይኖርበታል። ለእንዲህ ያለ ሰው በአካባቢው ኖታሪ ፊት ፈርሞ፣ የመንግሥት ማረጋገጫ አስደርጎ፣ ሰነዱን በፖስታ ወደ ኤምባሲው መላክ ያዋጣል። የቆንስላ ሠራተኞች በየጊዜው ወደ ሌሎች ከተሞች እየሄዱ የሚያገለግሉባቸው ቀናትም አሉ። የኮሚኒቲውን ማስታወቂያ የሚከታተል ሰው አንዳንዴ ያለ ፖስታም ያለ በረራም ይገላገላል።

ቤይሩት ያለችው እህት ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። ቆንስላው እዚያው አካባቢ ነው። ግን ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ሊሆን ይችላል፤ የእረፍት ቀኗም ቢሮ ከሚዘጋበት እሑድ ጋር ሊገጥም ይችላል። ከርቀት የሚሰጥ አገልግሎት ከሦስቱ አብልጦ የሚያስፈልጋት እሷ ናት፤ የአሜሪካው የቪዲዮ አሠራር ግን በአሜሪካ ብድር ታሪክ ላይ የቆመ ነውና ለእሷ አልተሠራም። ስለ ርቀት አገልግሎት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ላፕቶፕ ያለው ዳያስፖራ ነው። እኔ ግን አሠራር የሚቀርጽ ሰው መጀመሪያ ሊያስባት የሚገባው ይህችን ሴት ነው እላለሁ። ለጊዜው ያላት መንገድ ቆንስላው ነው፦ ፓስፖርቷን ወይም ቆንስላው የሚቀበለውን ሌላ መታወቂያ ይዛ፣ የእህቷን ሙሉ ስም እስከ አያት በትክክል ጽፋ፣ ቃሉን አስቀድማ አዘጋጅታ መቅረብ። ቃሉን ቀጨኔ ያለችው እህት አስጽፋ በስልክ ብትልክላት ይሻላል፤ ቆንስላው ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚጻፍ ውክልና የጎደለ ነገር አያጣውም።

አዲስ አበባ ሲደርስ

የኤምባሲውን ማኅተም ያገኘ ሰነድ አዲስ አበባ ሲገባ በመጀመሪያ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሄዳል። ሚኒስቴሩ የኤምባሲውን ማኅተምና ፊርማ ያረጋግጣል። ከዚያ ሁላችንም ውልና ማስረጃ ወደምንለው ቢሮ፣ በአሁኑ ስሙ የፌዴራል ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት፣ ይገባና ይመዘገባል። ይህን ዝለሉ የሚል ደላላ ከመጣ አለመስማት ነው። አዋጅ ቁጥር 922/2008 ውክልና የመስጠትም ሆነ የመሻር ሰነድ ካልተረጋገጠና ካልተመዘገበ በሕግ ፊት ውጤት የለውም ይላል።

ይኸው አዋጅ ለምን ስክሪን እዚህ ገና እንዳልገባም ያስረዳል። በአዋጁ አሠራር ፈራሚው አረጋጋጩ ፊት ቀርቦ ይፈርማል፤ አረጋጋጩ ማንነቱን፣ ችሎታውን፣ ሰነዱ ከሕግና ከሞራል አለመጋጨቱን ያያል። የእኛ አረጋጋጭ ከአሜሪካው ኖታሪ ይልቅ ሥራው ሰፊ ነው፤ ፊርማውን ብቻ ሳይሆን ይዘቱንም ይመለከታል። ንብረት በሚተላለፍበት ጊዜ የባለቤትነት ማስረጃውን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ሁሉ ያጣራል። የቨርጂኒያው ኖታሪ ያላየውን የእኛ አረጋጋጭ ይጠይቃል ማለት ነው።

በሕግ ደረጃ በሩ ጨርሶ አልተዘጋም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥተዋል። አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ደግሞ ፋይዳን የዲጂታል መታወቂያ አድርጎ አቁሟል። ማንነትን በጣት አሻራና በዓይን አሻራ ማረጋገጥ ከተቻለ፣ የአሜሪካው የብድር ጥያቄ የሚሠራውን ሥራ ፋይዳ በተሻለ ሊሠራው ይችላል። ዛሬ ግን በኮምፒዩተር ቅጽ መሙላት ሌላ፣ በአካል ቀርቦ መፈረም ሌላ ነው፤ አንዱን የጨረሰ ሁለተኛውንም የጨረሰ ይመስለዋል።

ከማኅተሙ ይልቅ ቃሉ

ብዙ ሰው ማኅተም ሲያሳድድ ይከርማል፤ ወረቀቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ውስጡ በተጻፈው ወይም ባልተጻፈው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውክልናን ጠቅላላና ልዩ ብሎ ይለያል። በቁጥር 2203 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ያስፈቅዳል። የአስተዳደር ሥራ ምን እንደሆነ ቁጥር 2204 ይነግረናል፦ ንብረቱን መጠበቅና መጠገን፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል የመሳሰሉት።

«በማንኛውም ጉዳይ እንደኔ ሆና እንድትሠራልኝ ሙሉ ሥልጣን ሰጥቻታለሁ» የሚል ሰፊ ቃል ሲነበብ ምንም ያልቀረው ይመስላል። በሕጉ ዓይን ግን ኪራይ ከመሰብሰብና ጣሪያ ከማስጠገን ብዙም አያልፍም። ቤት መሸጥ፣ መያዣ ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት፣ በሽምግልና መጨረስ፣ መክሰስና መከሰስ ከፈለገ ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ሥራ በስሙ መጠራት አለበት። በቢሮው አካባቢ የሚጻፉት ውክልናዎች «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» እያሉ የሚዘረዝሩት ቃል ማብዛት ወደው አይደለም።

ለቀጨኔው ቤት እንዲህ ቢጻፍ ይሠራል፦

«ከወላጅ አባቴ በውርስ የሚደርሰኝን፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ቀጨኔ አካባቢ የሚገኘውን፣ የካርታ ቁጥሩ እዚህ የተጠቀሰውን ቤት በሚመለከት፣ እህቴ የወራሽነት ማስረጃ እንድታወጣልኝ፣ ካርታውን በወራሾች ስም እንድታዞር፣ ከሌሎቹ ወራሾች ጋር በመስማማት እንድትሸጥ፣ የሽያጭ ውል እንድትፈርም፣ ድርሻዬን ተቀብላ በስሜ በተከፈተው የባንክ ሒሳብ እንድታስገባ፣ በጉዳዩ ላይ ከሳሽም ተከሳሽም ሆና እንድትከራከር፣ ጠበቃም እንድታቆምልኝ ወክያታለሁ።»

በዚህ ቃል ውስጥ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ «እንድትሸጥ» ብሎ ገንዘቡን ማን እንደሚቀበል ዝም ያለ ውክልና ውል ከተፈረመ በኋላ ገዢና ሻጭን ያፋጥጣል። ገንዘቡ በወካዩ ስም ሒሳብ እንዲገባ መጻፍ ለእህትም ለወንድምም ሰላም ነው፤ ኋላ በልተሻል አልበላሁም ከመባባል ያወጣል። ሁለተኛ፣ ጠበቃ የማቆም ሥልጣን ነው። ወኪል በመርህ ደረጃ ሥራውን ራሱ ይሠራል እንጂ ለሌላ አያስተላልፍም፤ ካልተፈቀደለት በቀር። ፍርድ ቤት በሰው ስም ቆሞ መከራከር ደግሞ ለጠበቃና ሕጉ ለዘረዘራቸው የቅርብ ዘመዶች ነው። ጉዳዩ ክርክር ከገባ «ጠበቃ እንድታቆም» የምትለዋ ግማሽ መስመር ባለመጻፏ ወረቀቱ ቤይሩት ድረስ ተመልሶ ሊሄድ ይችላል።

ብዙዎች ለቤተሰብ ሲሆን «ሁሉንም ስጧት፣ ሌላ ጊዜ እንዳንቸገር» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ለአንድ ቤት የተሰጠ ውክልና ለአንድ ቤት ይሁን፤ ሌላ ሲመጣ ሌላ ይጻፋል። ወካዩ ወደፊት ለሚያፈራው ንብረት ሁሉ ሥልጣን የሰጠ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ፣ ዝምድናው ሲቀዘቅዝ ወይም ወረቀቱ ሌላ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከውልና ማስረጃ ደጃፍ የማይጠፉትን ጠበቆች መጠየቅ ይበቃል።

የቋንቋም ነገር አለ። የካልጋሪው ኖታሪ አማርኛ አያነብም፤ የማያነቡትን ሰነድ አናረጋግጥም የሚሉ ኖታሪዎችም አሉ። በእንግሊዝኛ ብቻ ከተጻፈ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ትርጉም ይጠየቃል። በአንድ ገጽ ላይ ግራና ቀኝ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ማስጻፍ ሁለቱንም ያስታርቃል።

ስምና ትዳር

ካርታው ላይ የአባት ስም አለ፤ የልጁ ፓስፖርት ላይ ሌላ ፊደል አጣጣል አለ። አሜሪካ ዜግነት ሲሰጥ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ የአባት ስም መሐል ላይ ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይወድቃል። ያገባች ሴት የባሏን ስም ወስዳ ሊሆን ይችላል። ውክልናው ላይ «ፀሐይ» የነበረው በሌላ ወረቀት «ጸሐይ» ሲሆን ማንም ላይናገር ይችላል፤ የአባት ስም ሲለወጥ ግን በእርግጥ ይጠየቃል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ከውክልናው ጋር አብሮ ቢላክ ነገሩን ያቀለዋል። ዜግነቱን የለወጠ ሰው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱን፣ ከያዘ ቅጂውን ማያያዝ ይጠቅመዋል።

ትዳር የሚያስነሳው ጥያቄ ደግሞ ቤቱ የማን ነው የሚል ነው። በውርስ የመጣ ንብረት በመርህ ደረጃ የግል ነው። በጋብቻ ውስጥ የተገዛ ወይም የተሠራ ቤት ሲሆን ግን የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 68 ባልና ሚስት ካልተስማሙ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ፣ መለወጥም ሆነ ማከራየት እንደማይቻል ይደነግጋል። ስለዚህ ውክልናውን ባልም ሚስትም ይፈርሙታል። ያላገባ ሰው ያላገባ ስለመሆኑ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ይህን ውጭ አገር ሆኖ ማውጣት ውክልናውን ከማውጣት ሊበልጥ የሚችል ሥራ ነው፤ አብሮ ቢጀመር ይሻላል።

እግረ መንገድ፦ ቀጨኔ ውስጥ ብዙ ሰው የሚኖረው በቀበሌ ቤት ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወዲህ የቀበሌ ቤት የተከራዩ ንብረት አይደለም፤ ለመሸጥ ውክልና ቢሰጥበት የተሰጠው ነገር የለም። በውክልና የማይሆኑ ሌሎች ጉዳዮችም አሉ። ኑዛዜን ወኪል አያደርገውም። ጋብቻም ሁለቱ ተጋቢዎች ራሳቸው ካልቀረቡ አይፈጸምም፤ በጣም ከባድ ምክንያት ሲኖር በልዩ ፈቃድ ካልሆነ በቀር።

ወካዩ እዚሁ ቀጨኔ ሲሆን

ርቀት የሚለካው በባሕር ብቻ አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን ሸክላ ሲሠሩ የኖሩ፣ አሁን ጉልበታቸው ቁልቁለቱን እንቢ ያላቸው አንዲት እናት ከቀጨኔ እስከ ቢሮው መውረድ ካቃታቸው፣ ለእሳቸው ውልና ማስረጃ ራሱ ሩቅ ነው። አገልግሎቱ ለታመሙ፣ ለደከሙና ለታሰሩ ሰዎች ሠራተኛ እስካሉበት የሚልክበት አሠራር አለው። ልጆች ይህን ባለማወቅ እናታቸውን በቃሬዛ ይዘው ይሄዳሉ፤ አለዚያም ከዚህ የባሰውን፣ ቤት ውስጥ አስፈርመው ወረቀቱን ብቻ ይዘው ይቀርባሉ።

ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ የተለየ ጥበቃ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 ዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ያደረገው ፊርማ ወይም የጣት ምልክት አረጋጋጭ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው አያስገድደውም ይላል። ጎረቤት ተሰብስቦ ጣታቸውን ቀለም ነክሮ ያስፈረማቸው ወረቀት በዚህ ምክንያት ሊፈርስ ይችላል። አረጋጋጩ ሲመጣ ቃሉን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብላቸው፣ ገብቷቸው እንደሆነም እንዲጠይቃቸው ቤተሰቡ ራሱ ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

ውክልና እንዴት ያበቃል?

ወካይ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል። ይህን መብት የሚያስቀር ቃል ውሉ ውስጥ ቢጻፍ እንኳ አይሠራም። መሻሩ ግን የተሰጠበትን መንገድ ይከተላል፦ ውጭ ያለ ሰው በኤምባሲ በኩል ሽሮ፣ ሰነዱ ውልና ማስረጃ መመዝገብ አለበት። በስልክ «አንስቻለሁ» ማለት ለወኪሉ መናገር ነው እንጂ ወረቀቱን ይዞ ገዢ ፊት ከመቅረብ አያግደውም። ሥልጣኑ ሲያበቃ የውክልናውን ዋና ቅጂ መመለስ የወኪሉ ግዴታ ነው፤ ወካዩም ዋናውን ከመቀበል ባለፈ ወረቀቱ ታይቶባቸው የነበሩትን ቢሮዎችና ባንኮች ቢያሳውቅ አይጎዳም።

ወኪል ደግሞ የወካዩን ጥቅም ብቻ ማስቀደም አለበት። እህት ቤቱን ለራሷ ከገዛች፣ ወንድሟ እያወቀ ካልፈቀደ በቀር፣ ውሉ በእሱ ጠያቂነት ሊፈርስ ይችላል። ሒሳብ ሲጠየቅ ማቅረብም ግዴታዋ ነው፤ ከሽያጩ በፊት ለውርስ ጉዳይ፣ ለግብርና ለስም ዝውውር የወጣውን እያንዳንዱን ደረሰኝ ይዛ ብትቆይ ኋላ ላይ ከሁሉም በላይ የምትጠቀመው ራሷ ናት።

ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። የቀጨኔው ቤት ጉዳይ ገና በሒደት ላይ እያለ የካልጋሪው ወንድም ቢያርፍ፣ እትዬ እጅ ያለው ወረቀት ማኅተሙ ሁሉ ሙሉ ቢሆንም በእሱ ድርሻ ላይ አይሠራም። ሚስቱና ልጆቹ በቅድሚያ የእሱ ወራሽ መሆናቸውን ያረጋግጣሉ፤ ከዚያ እነሱ ራሳቸው ሌላ ውክልና ፈርመው ኦታዋ ወዳለው ኤምባሲ ይልካሉ።